አሮጌ ስልኬን የመሞከሪያ ሰርቨር ካደረግኩት 11 ወር ሆነ

ካለፈው መስከረም ጀምሮ ሰርቨሬን ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው የምዞረው። ስክሪኑ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ፣ 4 ጊጋ ራም ያለው፣ በአንድሮይድ 13 የሚሠራ አሮጌ ስልክ ነው። ተርሙክስ የሚባለውን፣ የሊኑክስ ፕሮግራሞችን ስልክ ላይ የሚያስኬድ አፕ ጫንኩበት፤ ከዚያ በተርሙክስ በኩል ኤንጂንኤክስን (ገጹን ለብራውዘር የሚያቀርበውን)፣ ፒኤችፒን (ኮዱ የሚጻፍበትን ቋንቋ) እና ማሪያዲቢን (ዳታቤዙን) አስገባሁ። ስልኩን ሩት ማድረግ፣ ማለትም የሲስተሙን ሙሉ ሥልጣን መክፈት፣ አላስፈለገኝም። ከዚያ ወዲህ የምሠራቸው ዌብሳይቶች በሙሉ፣ ደንበኛ ከማየቱ በፊት መጀመሪያ የሚነሱት እዚህ ስልክ ላይ ነው።

የጀመርኩት በመብራት ምክንያት ነበር። የላፕቶፔ ባትሪ ደክሟል፤ መብራት ከጠፋ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይቆይልኝም። ስልኩ ግን በአንድ ፓወር ባንክ ቀኑን ሙሉ ይውላል። አንዴ የሚያስፈልገው ነገር ከተጫነ በኋላ ደግሞ ዳታ አይበላም፣ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ግድ የለውም።

አሁን መብራት እያለም አልተውኩትም። ምክንያቱ ሌላ ነው። የምሠራቸውን ዌብሳይቶች የሚከፍቱት ሰዎች፣ ሁሉም ማለት ይቻላል፣ በስልክ ነው የሚከፍቷቸው። እኔ ደግሞ ለዓመታት ስሠራ የኖርኩት ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ብራውዘሩን አጥብቤ የስልክ መጠን ካደረግኩት በኋላ ሞከርኩት ብዬ አልፋለሁ። በዚያ መንገድ ብዙ ነገር አምልጦኛል። ምን እንዳመለጠኝ ያየሁት ሽሮ ሜዳ ነው።

የሐበሻ ልብስ የሚሸጡ አንዲት እናት ካታሎግ እየሠራሁላቸው ነበር። ሱቃቸው ሄድኩ። ዳታውን አጥፍቼ የስልኬን ሆትስፖት ብቻ ከፈትኩ። እሳቸው በራሳቸው ስልክ ተገናኙ፣ አድራሻውን ጻፍኩላቸው፣ ገጹ ወዲያው መጣ። «እስቲ እንደ ደንበኛ ሆነው ይፈልጉ» አልኳቸው። በአንድ እጃቸው ነጠላ ክንዳቸው ላይ እንደያዙ በሌላው አውራ ጣት መጻፍ ጀመሩ። «ሀበሻ ቀሚስ» ብለው ጻፉ። ምንም አልመጣም።

«ልጄ፣ ቀሚስ የለም ይላል እኮ። ይኸው ከጀርባዬ ተሰቅሎ!»

ዳታቤዙ ውስጥ ያስገባሁት «ሐበሻ» ብዬ ነው፣ በሐመሩ ሐ። እሳቸው የጻፉት በሃሌታው ሀ ነው። ላፕቶፕ ላይ የሚጽፈውም የሚፈልገውም አንድ ሰው፣ እኔው ስለነበርኩ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ አልታየኝም። እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ኮዱን ከስልኩ ላይ ከፈትኩት። ፍለጋው ከመሄዱ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚቀይር ትንሽ ፈንክሽን ጻፍኩ። የልብሶቹንም ስም በዚሁ መልክ ሌላ ዓምድ ውስጥ አስቀመጥኩ። «ሪፍሬሽ ያድርጉት እማማ» አልኩ። ቀሚሶቹ ተደርድረው ወጡ። ከዚያ ቀጥለው «ማዘዣው ግን ጣቴ አይደርስበትም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቁልፉን ከላይ በቀኝ ጥግ ነበር ያስቀመጥኩት። ወደ ታች አወረድኩት። ይሄ ሁሉ ሲሆን ቡናው ሁለተኛ አልደረሰም።

እንዲህ ያለውን ነገር ኦንላይን ጭኜ፣ ሊንክ ልኬ፣ መልስ ጠብቄ አላገኘውም ነበር። ሰውየው ወይም ሴትየዋ አጠገባችሁ ሆነው፣ ኮዱ እጃችሁ ላይ ሆኖ፣ ያረማችሁት ነገር በዚያው ቅጽበት እሳቸው ስልክ ላይ ሲቀየር፣ ሥራው ራሱ ሌላ መልክ ይይዛል።

አማርኛ ላይ ለምንሠራ ሰዎች ሌላም ጥቅም አለው። ፎንት። ዊንዶውስ ላይ ፊደላችን ብዙ ጊዜ የሚታየው በኢብሪማ ወይም በኒያላ ነው፤ አብዛኛው አንድሮይድ ላይ ደግሞ በኖቶ። የፊደሎቹ ስፋትም ቁመትም አንድ አይደለም። ላፕቶፕ ላይ በአንድ መስመር ያለቀው «ትእዛዝዎን ያረጋግጡ» ስልክ ላይ ለሁለት ይሰበርና ቁልፉን ያሳብጠዋል። በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ከሆነ ደግሞ የላይኛው ፊደል እግር ከታችኛው ራስ ጋር ይጋጫል። አሁን ጽሑፉን የማስተካክለው ስልኩን እያየሁ ነው። የራሳችሁን ፎንት ብትጭኑበትም ክብደቱ ስንት እንደሆነ ተመልከቱ፤ የእኛ ፊደል ብዛት ፋይሉን ያከብደዋል፣ ተጠቃሚው ደግሞ ዳታውን በገንዘቡ ነው የሚገዛው።

አሁን ወደ ችግሮቹ ልምጣ፣ ብዙ ናቸውና።

መጀመሪያ፣ ተርሙክስን ከየት እንደምታወርዱት አስቡበት። እኔ በጥድፊያ ፕሌይ ስቶር ላይ ያገኘሁትን ጫንኩ። እሱ ሳይሆን ኤፍድሮይድ (የነጻ ሶፍትዌር አፖች መደብር) ወይም ጊትሃብ (ኮድ የሚጋራበት ድረ ገጽ) ላይ ያለውን ነው መያዝ ያለባችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ፣ አዲሱን ሕግ የሚከተሉ አፖች በራሳቸው ፎልደር ውስጥ ያወረዱትን ፕሮግራም ማስነሳት ተከለከሉ። ተርሙክስ ደግሞ ሥራው በሙሉ ይሄው ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ ፕሌይ ስቶር ላይ የነበረው አፕዴት ማግኘት አቆመ። በኋላ የሙከራ ቅጂ ቢመለስም ዋናው ልማት ያለው ሌላ ቦታ ነው። እኔ ይሄን ያወቅኩት ግማሽ ሥራ ከሠራሁ በኋላ ነው። የፕሌይ ስቶሩና የሌላው ቅጂ ዲጂታል ፊርማ ስለሚለያይ አንዱን በሌላው ላይ መጫን አይቻልም፤ የድሮውን ማጥፋት ግድ ነው። አፑ ሲጠፋ ውስጡ ያለው ፋይል አብሮ ይጠፋል። የሦስት ቀን ሥራዬ እንደዚያ ሄደ። አሁን ማታ ማታ ኮዱን ወደ ውጪ ሳልልክበት የማልተኛው ጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚያስቀምጥ መሣሪያ) አለኝ፣ ዳታቤዙንም በየቀኑ አውጥቼ ውጪ አስቀምጣለሁ።

ኮዳችሁን በስልኩ የጋራ ማከማቻ፣ ማለትም ፎቶና ዳውንሎድ ባለበት ቦታ፣ አታስቀምጡ። እዚያ ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) አይሠራም፤ የኖድ (ጃቫስክሪፕት የሚያስኬድ ፕሮግራም) ፓኬጆች ስትጭኑ በማይገባ ስህተት ይሞላችኋል። በተርሙክስ የራሱ ሆም ፎልደር ውስጥ አድርጉት፣ አለቀ።

ፖርት 80ን፣ ዌብሳይቶች በተለምዶ የሚጠቀሙበትን የመግቢያ ቁጥር፣ አትመኙት። ሩት ያልሆነ ስልክ ከ1024 በታች ያሉትን ፖርቶች አይሰጥም። የተርሙክሱ ኤንጂንኤክስ ሲመጣም 8080 ላይ ነው የተዘጋጀው፣ ኤስኤስኤች፣ ከሌላ ኮምፒውተር መግቢያው፣ ደግሞ 8022 ላይ።

ትልቁ ራስ ምታት ግን ሲግናል 9፣ ፕሮግራምን በግድ የሚያስቆመው ትእዛዝ፣ ነው። ይሄ ነገር አንድ ወር አንገላቶኛል። ሰርቨሩን አስነስታችሁ፣ ብራውዘር ከፍታችሁ ስትመለሱ ተርሙክስ ላይ ፕሮሰሱ (እየሠራ የነበረው ፕሮግራም) በሲግናል 9 አለቀ የሚል አጭር መልእክት ብቻ ታገኛላችሁ። ምክንያት አይናገርም። አንድ ሌሊት ወደ ሰባት ሰዓት አካባቢ ትልቅ የዳታቤዝ ፋይል እያስገባሁ ነበር። ስክሪኑ ጠፋ፣ መልሼ ሳበራው ማሪያዲቢ የለም። እንደገና ጀመርኩ፣ እንደገና ጠፋ። ሦስተኛው ላይ ስልኩን ሳልነካ፣ ስክሪኑን እያበራሁ፣ እስኪያልቅ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት።

በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ሲስተሙ አፖች ከበስተጀርባ የሚያስነሷቸውን ንዑስ ፕሮሰሶች ይቆጥራል፤ በስልኩ ላይ ያሉት ሁሉ ተደምረው ከ32 ካለፉ መግደል ይጀምራል። ብዙ ፕሮሰሰር የሚበላውንም ይገድላል። ኤንጂንኤክስ፣ ፒኤችፒ፣ ማሪያዲቢ፣ ኖድ፣ አንድ ሁለት ሼል (የትእዛዝ መስኮት) ሲጨመር ቁጥሩ ሳታስቡት ይሞላል። መፍትሔው ስልኩን በኬብል ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ በኤዲቢ (ከኮምፒውተር ሆኖ አንድሮይድን የሚያዝ መሣሪያ) ይሄን ቁጥጥር ማጥፋት ነው። አንድሮይድ 14 ላይ ያላችሁ ደግሞ ደቨሎፐር ኦፕሽን ውስጥ ማጥፊያው አለላችሁ፣ ኬብልም አያስፈልጋችሁም። ከዚህ ጋር ሁለት ነገር አድርጉ። ተርሙክስን ከባትሪ ቁጠባ ነጻ አውጡት። ከዚያ ኖቲፊኬሽኑ ላይ ያለውን ዌክሎክ ያዙለት፣ ስክሪኑ ሲጠፋ እንዳይተኛ። የፒኤችፒ ሠራተኛ ፕሮሰሶችንም ወደ ሁለት ቀነስኩ፤ ለሙከራ ይበቃል። ከዚያ ወዲህ ሲግናል 9ን ያየሁት ሁለቴ ብቻ ነው።

ሌላው ሰው ስልክ ላይ ገጹ አልከፈት ሲል መጀመሪያ የምታዩት ሰርቨሩ የትኛው አድራሻ ላይ እንደሚያዳምጥ ነው። 127.0.0.1 ላይ ከሆነ ከራሱ ስልክ ውጪ ማንም አያየውም። 0.0.0.0 አድርጉት፣ በሁሉም አድራሻ እንዲያዳምጥ። ያም ሆኖ ካልሠራ ዋይፋዩን ጠርጥሩ። ብዙ የካፌና የቢሮ ዋይፋይ ተጠቃሚዎቹ እርስ በርስ እንዳይተያዩ ይከለክላል፤ ለደኅንነት ጥሩ ነው፣ ለእኛ ግን አይሆንም። የራሳችሁን ሆትስፖት ክፈቱ። እንግዳው ስልክ «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ወደ ዳታ ሊመለስ ይሞክራል፤ እዚያው ይቆይ በሉት።

ይሄን ሁሉ አልፌም አንድ ነገር አምስተኛው ወር ላይ አስደነገጠኝ። ካታሎጉ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት ሰርቪስ ወርከር፣ ገጹን ብራውዘሩ ውስጥ የሚያስቀምጥ ስክሪፕት፣ ጨምሬበት ነበር። እኔ ስልክ ላይ ቆንጆ ይሠራል። የእማማ ስልክ ላይ የለም። ኮዱን ሦስት ጊዜ አገላብጬ አየሁት፣ ምንም የለበትም። ጥፋቱ ኮዱ ላይ አልነበረም። ብራውዘሮች ሰርቪስ ወርከርን፣ ካሜራን፣ አካባቢን የመሳሰሉትን የሚፈቅዱት በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) ለመጣ ገጽ ብቻ ነው። ሎካልሆስት፣ ማለትም መሣሪያው ራሱ፣ ግን ከዚህ ተለይቶ የታመነ ተደርጎ ይቆጠራል። ሰርቨሩ ራሱ ስልኬ ላይ ስላለ ለእኔ ሎካልሆስት ነው፤ ለእሳቸው ግን በ192.168 የሚጀምር ተራ አድራሻ ነው። ስለዚህ እንዲህ ዓይነቱን ስሞክር መንገዱን እገለብጠዋለሁ፦ ሰርቨሩን ላፕቶፑ ላይ አነሳና በኤዲቢ ሪቨርስ የላፕቶፑን ፖርት ስልኩ ላይ ሎካልሆስት አደርገዋለሁ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፣ ምንም ሰርተፊኬት አያስፈልገውም።

ስለ ኮድ አጻጻፉ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። ስልክ ኪቦርድ ላይ ረጅም ኮድ አልጽፍም፣ እናንተም አትጻፉ። ለትንሽ እርማት ናኖ የሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ይበቃኛል። የድምፅ መቀነሻው ቁልፍ ኮንትሮል ሆኖ ያገለግላል፤ እሱን ይዛችሁ ሲን (C) ስትጫኑ ሰርቨሩ ይቆማል። ለዋናው ሥራ ከላፕቶፕ በኤስኤስኤች እገባለሁ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ተራ የዩኤስቢ ኪቦርድ በኦቲጂ ማገናኛ ስልኩ ላይ እሰካለሁ፤ ከአንድ ምሽት በላይ እንደዚያ ሠርቻለሁ፣ ዓይን ያደክማል እንጂ ይሄዳል።

አይፎን ላላችሁ፣ አይኤስኤች እና ኤሼል የሚባሉ ተርሙክስን የሚመስሉ አፖች አሉ። ነገር ግን አይኦኤስ ከበስተጀርባ ያለን አፕ ቶሎ ስለሚያስተኛው ሰርቨሩን አስነስቶ ወደ ሳፋሪ መሄድ ችግር ነው። ለዚህ ሥራ አሮጌ አንድሮይድ ፈልጉ።

እውነተኛ ደንበኞች የሚገቡበትን ዌብሳይት ግን በስልክ አታስኪዱ። ጠይቀውኝ ያውቃሉ፤ «ሆስቲንግ ለምን እከፍላለሁ፣ ያንተ ስልክ ይሠራ የለ?» ብለው። አይሆንም። በሞባይል ኔትወርክ ላይ ስልካችሁ ብዙ ጊዜ የራሱ የሆነ ከውጪ የሚደረስበት አድራሻ የለውም፤ ቢኖረውም አንድ ጥሪ፣ አንድ ሪስታርት፣ አንድ የባትሪ ማለቅ ሱቁን ይዘጋዋል። የእማማ ካታሎግ ግንቦት ላይ ወደ ትክክለኛ ሆስቲንግ ወጥቷል። ስልኩ ላይ ያለው የእኔ መሞከሪያ ነው።

የመጨረሻው ነገር ባትሪው ነው፣ ይሄን በደንብ አንብቡልኝ። ለሰባት ወር፣ ይዤው ካልወጣሁ በስተቀር፣ ስልኩን ሌት ተቀን ቻርጀር ላይ ሰክቼ ነበር የምተወው። ሰርቨር ነው ብዬ። አንድ ጠዋት ሳነሳው ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ እንደ በፊቱ አልተደላደለም፣ ይወዛወዛል። የጀርባ ክዳኑ በአንድ ጎን ተነስቷል። ባትሪው አብጧል። ወዲያው ነቅዬ አጠፋሁት፣ ሳልነካካው ወደ ጥገና ወሰድኩት። ልጁ ሲከፍተው ባትሪው ትራስ መስሏል። «ጋሼ፣ ይሄን ይዘህ ነው የምትተኛው?» አለኝ። ከራስጌዬ ነበር።

ባትሪው ተቀይሯል። አሁን 80 በመቶ ሲደርስ እነቅለዋለሁ፤ ወደ 30 ሲወርድ እሰካዋለሁ። ሥራ ከሌለ ሰርቨሩን አቆማለሁ፣ ዌክሎኩንም እለቃለሁ። ማታ ቻርጀር ላይ አያድርም፤ የሚያድረውም ሳሎን ነው፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ምንም ሳይደረብበት።