የቤታችንን ፈርነስ ያዩልንን ጋሼን ላመስግን

ሰላም ለሁላችሁ። ጥሩ ሥራ ሠርቶ ሳይመሰገን የሚቀር ሰው ያሳዝነኛል። ስለዚህ የቤታችንን የጋዝ ፈርነስ (ቤቱን የሚያሞቀውን ማሽን) ያዩልንን ባለሙያ ላመስግን፣ ለሚፈልግም ልጠቁም። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልወደዱ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈርነሱ ይነሳል፣ እሳቱ ይያያዛል፣ ከዚያ ጥቂት ሰከንድ ሳይቆይ ድርግም ይላል። ደግሞ ይሞክራል። ደጋግሞ ሲያቅተው ራሱን ይቆልፍና ቤቱ በረዶ ይሆናል። መጀመሪያ የመጣው ቴክኒሻን ክዳኑን ከፍቶ በባትሪ አየት አደረገና «ሂት ኤክስቼንጀሩ ተሰንጥቋል፣ አዲስ ፈርነስ ግዙ» አለን። እስቲ አሳየን ስንለው «በዓይን አይታይም» አለ። ስንጥቅ አንዳንዴ በእርግጥም በዓይን አይታይም። ግን ምንም ሳይለካ እሱ በምን አወቀው?

ሂት ኤክስቼንጀር ማለት የእሳቱ ትኩስ ጋዝ በውስጡ የሚያልፍበት ብረት ነው። የቤቱ አየር ብረቱን በውጭ በኩል እየነካ ይሞቃል። ሁለቱ አይገናኙም። ብረቱ ከተሰነጠቀ ግን የተቃጠለው ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ጭምር፣ ከምንተነፍሰው አየር ጋር ሊቀላቀል ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ቀለምም ሽታም የለውም። ስለዚህ «ተሰንጥቋል» ሲባል ሰው ይደነግጣል። የደነገጠ ሰው ደግሞ ዋጋ አይከራከርም።

ጋሼን ያገኘናቸው በጓደኛ በኩል ነው። ገና ሲገቡ ስለ ፈርነሱ አልጠየቁም። «ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ያለበት ሰው አለ? ከቤት ሲወጣስ ይተወዋል?» ነው ያሉት። የለም አልናቸው። ቀጥለው የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርሙን ከግድግዳው አውርደው ጀርባውን አነበቡ። «ልጄ፣ ቁልፉን ስትጫኚው መጮሁ ድምፁ መሥራቱን ነው የሚነግርሽ። ሴንሰሩ ግን ያረጃል» አሉኝ። እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ ቀኑ ጀርባው ላይ ተጽፏል። በየፎቁ፣ በተለይ መኝታ ቤት አጠገብ፣ መኖር አለበት ይላሉ።

ከዚያ ወደ ሥራቸው ገቡ። እሳቱ ከሚነድባቸው በርነሮች ፊት ያለችውን ቀጭን ዘንግ አሳዩኝ። ፍሌም ሴንሰር ትባላለች። እሳት መኖሩን ለቦርዱ፣ ማለትም ፈርነሱን ለሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ፣ የምትናገረው እሷ ናት። የምታስተላልፈው ኤሌክትሪክ በማይክሮአምፒር የሚለካ ኢምንት ነገር ስለሆነ፣ ስስ ቆሻሻ ከሸፈናት ቦርዱ «እሳት የለም» ብሎ ጋዙን ይዘጋል። መዝጋቱም ልክ ነው፤ ያልተቃጠለ ጋዝ ቤት ውስጥ እንዳይጠራቀም ነው። ለኩ፤ ከ1 በታች አነበበ። ኤሌክትሪኩን አጠፉ፣ ጋዙን ዘጉ፣ ዘንጓን ነቅለው በስሱ ፈተጓት፣ መልሰው ለኩ። ከ3 በላይ ሆነ። እሳቱም ተያይዞ ቀረ። ያ ሁሉ «አዲስ ግዙ» የተባለለት ነገር ይህ ነበር።

ጋሼ ግን በዚህ አልተነሱም። ስንጥቅ ተብሎ ከተጠረጠረ መጣራት አለበት አሉ። ቀጭን ካሜራ ወደ ሂት ኤክስቼንጀሩ እየሰደዱ እያንዳንዱን ክፍል በስክሪን አሳዩኝ። የተቃጠለውን ጋዝ የሚለካውን መሣሪያ ጭስ ማውጫው ውስጥ ከተው ብሎወሩ (የሞቀውን አየር ወደ ቤቱ የሚገፋው ማራገቢያ) እስኪነሳ ጠበቁ። ስንጥቅ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ብሎወሩ ሲነሳ እሳቱ ይወዛወዛል፣ ቁጥሩም ይቀየራል። የኛ እሳት ሰማያዊ እንደሆነ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ቁጥሩም ንቅንቅ አላለም።

እውነተኛው አደጋ ሌላ ቦታ ነበር። ቀና ብለው የጭስ ማውጫውን ቱቦ ሲያዩ አንዱ መጋጠሚያ ብሎኑ ወድቆ ተላቋል። ጣት የሚያስገባ ክፍተት። የመጀመሪያው ሰውዬ ከሥሩ ቆሞ ነው «አዲስ ግዙ» ያለን! ጋሼ ቱቦውን ገጥመው በብሎን አሰሩት፣ ፈርነሱን አስነስተው መጋጠሚያውን ዙሪያውን በመሣሪያ ፈተሹ። ዜሮ። ያነበቡትን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፈው፣ በዓመቱ የሚመጣው ባለሙያ እንዲያነጻጽረው ፈርነሱ ላይ ለጠፉት። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ወረቀት ነው። እናንተም ማንንም ብትጠሩ የልኬት ወረቀት ጠይቁ። ፊቱን የሚያጠቁር ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ሥራም አከፋፍለውኛል። «ፊልተር ያንቺ ነው፣ ጋዝ ቫልቩ የኔ ነው» አሉ። ፊልተሩን (የአየር ማጣሪያውን) በየወሩ አውጥቼ አየዋለሁ፤ ላዩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ፈርነሱ እንዲያይ አድርጎ መክተት ነው። ፊልተሩ የተደፈነ ፈርነስ አፍንጫው ታፍኖ እንደሚሮጥ ሰው ነው፤ ከመጠን በላይ ይሞቅና ራሱን ያጠፋል፣ ሲደጋገም ሂት ኤክስቼንጀሩንም ይጎዳል። ቀለም፣ ቤንዚን፣ ካርቶን አጠገቡ አይቀመጥም። እሳቱ ወደ ቢጫ ካደላ አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት ነው። እንደ በሰበሰ እንቁላል ያለ የጋዝ ሽታ ከሸተተ ግን መብራት ማብራትም ማጥፋትም የለም፤ ሰው ሁሉ ይውጣ፣ ስልክም ከውጭ ይደወል።

ጋሼ እንከን አልባ ናቸው አልልም። ቀጠሮ ላይ ትንሽ ያረፍዳሉ። ማስረዳት ሲጀምሩ ደግሞ ማብቂያ የለውም፤ እኔ ወድጄዋለሁ፣ ባለቤቴ ግን ሹልክ ብሎ ወጥቷል። ስልካቸውን የሚፈልግ በውስጥ ይጻፍልኝ። ብርዱ ከገባ ወረፋቸው ስለሚረዝም አሁኑኑ ቀጠሮ ያዙ። ሥራ ላይ ሆነው ስልክ አያነሱም፤ መልእክት ተዉላቸው፣ ማታ ራሳቸው ይደውላሉ።