ከፎቶግራፉ ጀርባ፦ በደሴ ያሳለፍሁት የሁለት ወር የምርምር ልምምድ

በደሴ ከተማ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የግል የሥዕልና የፎቶግራፍ ሙዚየም ለስምንት ሳምንታት የምርምር ልምምድ አድርጌ ስለ ጨረስሁ፣ ከእኔ በኋላ ለሚያመለክቱ ተማሪዎች ያየሁትን ሳልጨምርና ሳልቀንስ መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ። የምወቅሰውም ነገር ስላለ የሙዚየሙን ስም አልጠቅስም።

ልምምዱ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ተማሪው ከስብስቡ አንድ ዕቃ ይሰጠዋል፤ ስለ ዕቃው አመጣጥ፣ ስለ ሠሪውና ስለ ዘመኑ በመዝገብ ቤቱ ካሉት ደብዳቤዎችና ደብተሮች መርምሮ በመጨረሻ አጭር ጥናት ያቀርባል። ሌላ ቦታ ልምምድ የወጡ ጓደኞቼ ጎብኚ ሲያስተናግዱና ወረቀት ሲያመላልሱ ስለ ከረሙ፣ ይህ አሠራር ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ለእኔ የደረሰኝ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ፣ ጠርዙ የተበላ ፎቶግራፍ ነበር። ካባ የደረቡ መኳንንት በድንኳን ፊት ተቀምጠዋል፤ በጀርባው በእርሳስ «ራስ ሚካኤል፣ 1908» ተብሎ ተጽፏል። ዓመቱን በዕቃው መመዝገቢያ ካርድ ላይ ልገለብጥ ስል የስብስቡ ኃላፊ እጄን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ ቁጥሩን ከመጻፍሽ በፊት ማዕረጉን መርምሪ» አሉኝ። ራስ ሚካኤል በልጃቸው በልጅ ኢያሱ ዘመን፣ በግንቦት 1906 ዓ.ም.፣ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ሆነው ዘውድ ጭነዋል። እንግዲህ 1908 በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ጽሑፉ «ንጉሥ ሚካኤል» ማለት ነበረበት፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ከሆነ ግን ወደ 1900 ወይም 1901 ዓ.ም. ይመለሳል፣ ያን ጊዜም ገና ራስ ነበሩ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ከተሸነፉ በኋላ፣ ንግሥናቸውን መቀበል ያልወደደ ሰው ጽፎት እንደ ሆነም ማሰብ ይቻላል።

ሁለት ሳምንት ሙሉ የእጅ ጽሑፍ ሳመሳክር ቆየሁ። ተስፋ ልቆርጥ ስል «አብሽሪ፣ ሣጥኑ ገና አላለቀም» እያሉ የሚያበረታቱኝ እኒያው ኃላፊ ነበሩ። በመጨረሻ ያንኑ የእጅ ጽሑፍ በሌሎች ሦስት ፎቶግራፎች ጀርባ አገኘሁት፤ በአንደኛው ላይ ወሩ በፊደላችን «ዣንቪዬ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ጸሐፊው በፈረንጆች አቆጣጠር ይጽፍ እንደ ነበር ከዚህ ገመትሁ፤ በካርዱም ላይ «ምናልባት» ከሚል ቃልና ከነምክንያቱ አሰፈርሁት። በክፍል ውስጥ ስለ ዘመን አቆጣጠር ልዩነት ስንት ጊዜ ተምሬ ነበር፤ ነገሩ የገባኝ ግን በዚያች ወረቀት ላይ ነው።

ከኮምቦልቻ የምትመጣ ጓደኛዬ ያገኘችው ደግሞ ከእኔም ይበልጣል። በመዝገቡ «የዐረብኛ ጽሑፍ» ተብሎ የተመዘገበውን ቅጠል፣ ከአያቷ ቁርኣን የተማረች በመሆኗ ድምፅ አውጥታ ስታነበው አማርኛ ሆኖ ተገኘ። በዐጀም፣ ማለትም አማርኛን በዐረብኛ ፊደል በመጻፍ ዘዴ፣ የተጻፈ መንዙማ (እስላማዊ የውዳሴ ግጥም) ነበር። ወሎ ውስጥ የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ብርቅ አይደለም፤ ሆኖም መዝጋቢው ፊደሉን አይቶ ቋንቋውን ሳያውቅ ቀርቷል።

የአያያዝ ትምህርቱም ጥሩ ነው። ብራናና ወረቀት በታጠበና በደረቀ እጅ፣ ፎቶግራፍ በጓንት እንደሚያዝ፣ በክፍሉ ውስጥም ከእርሳስ በቀር እስክርቢቶ እንደማይገባ በመጀመሪያው ቀን ይነገራል።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የደሴ ሙዚየም መዘረፉን የከተማችን ሰው ሁሉ ያውቃል። የተዘረፈ ቅርስ ነገ በአንድ ገበያ ላይ ቢታይ የእኛ መሆኑን የሚያስረዳው ፎቶግራፉ፣ ልኩ፣ የመዝገብ ቁጥሩና በላዩ ያለው ጭረት ሳይቀር ተጽፎ ሲገኝ ነው። ተማሪ ካርድ ሲሞላ የሚሠራውን ሥራ በዚህ ሚዛን እንዲያዩልኝ እወዳለሁ።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልምጣ። ስካነሩ አንድ ብቻ ነው፤ መብራት በሄደ ቁጥር ተራችን ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል። በክረምት ክፍሉ ይረጥባል፤ የብረት ቁም ሣጥኑ ሲከፈት የሻጋታ ሽታ ፊት ይመታል፤ ይህ ለተማሪውም ለሰነዱም ደግ አይደለም። ለመጓጓዣ የሚከፈል ነገር ስለሌለ፣ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት እየወጡ የሚመጡት የኮምቦልቻ ልጆች ወጪውን ከኪሳቸው ይሸፍናሉ። የምስክር ወረቀቴ ከተባለው ቀን ሰባት ሳምንት ዘግይቶ ስለ ደረሰኝ ለሥራ ያቀረብሁት ማመልከቻ ሳይያያዝበት ቀርቷል።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። በሞላሁት ካርድ ላይ ያጠናው ሰው ስም የሚጻፍበት መስመር የለም፤ ነገ ሌላ ተመራማሪ ግምቴን ሊጠይቅ ቢፈልግ ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም።

ይህም ሁሉ ሆኖ፣ ለታሪክ፣ ለቅርስና ለሥነ ጥበብ ተማሪዎች ልምምዱን ከልቤ እመክራለሁ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ባለው ጊዜ አመልክቱ፤ የምስክር ወረቀቱ የሚሰጥበትን ቀን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ዐጀም ማንበብ የምትችሉ ከሆነም በማመልከቻችሁ ላይ ሳትገልጹ አትለፉ። እኔም በካርዱ ላይ «ያጠናው» የሚል መስመር እንዲጨመር ለስብስቡ ኃላፊ ደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ መልሱንም እየጠበቅሁ ነው።