ሳይክል እየወደዳችሁ መቀመጫው ያስተዋችሁ የባህር ዳር ሰዎች፣ እኚህን አባት ሂዱና እዩዋቸው

ዛሬ ጠዋት ከአባይ ማዶ ተነስቼ፣ ድልድዩን ተሻግሬ፣ በዘንባባዎቹ ሥር አልፌ እስከ ትምህርት ቤቴ በር ድረስ በሳይክል ሄድኩ። ሳይክሌን ቆልፌ መምህራን ክፍል ገባሁና ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ። ቁጭ አልኩ! የደረሰበት ያውቀዋል። አምስት ወር ሙሉ ሳይክል በነዳሁበት ቀን ቆሜ ነበር የምውለው፤ የተማሪ ደብተር እንኳ ጠረጴዛ ላይ ተደግፌ ነበር የማርመው።

ይህን የምጽፈው አንድ አባትን ለማመስገን ነው። እንደኔ አፍሮ፣ ዝም ብሎ የሚሰቃይ ሰው ካለም መንገዱን ልጠቁመው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ባህር ዳር ያደገ ሰው ሳይክልን እንዴት እንደሚወድ መናገር አያስፈልገኝም። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ያ በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው። ፈረቃ ሲለወጥ መንገዱ በሳይክል ጥቅጥቅ ይል ነበር። እኔ በራችን ላይ ቆሜ ከዚያ ሁሉ ሳይክለኛ መሃል የአባቴን ደወል በድምፁ እለየው ነበር። መንዳት የተማርኩት በሰዓት በሚከራይ ትልቅ የወንድ ሳይክል ነው፤ መቀመጫው ላይ ስለማልደርስ እግሬን በብረቱ ሥር አሹልኬ፣ ጎኑ ላይ ተንጠልጥዬ። ሁለተኛ ደረጃን የጨረስኩት በሳይክል ተመላልሼ ነው። ከዚያ አገባሁ፣ የመጀመሪያ ልጄን አረገዝኩ፣ ሳይክሉን አቆምኩ። ሳላስበው 22 ዓመት አለፈ።

አምና ደም ግፊት እንዳለብኝ ተነገረኝ። ሐኪሙ "ተንቀሳቀሺ" አለኝ። ባጃጅ የሚጠፋበት ቀንም በዝቷል፤ ከአባይ ማዶ በእግር ሄዶ ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መድረስ ቀላል አይደለም። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሳይክሉን "እማዬ፣ አንቺ ንጂው" ብሎኝ ሄደ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! በ2016 የተመረቀው አዲሱ ድልድይ ደግሞ ለሳይክል የተለየ መንገድ አለው። 380 ሜትር ነው፤ ከመኪና ጋር ሳልጋፋ፣ አባይ ከጣና ወጥቶ ከሥሬ ሲፈስ እያየሁ መጀመሪያ የተሻገርኩበትን ጠዋት አልረሳውም። አባቴ ይህን ቢያይ ብዬ አልቅሻለሁ።

ደስታዬን የነጠቀኝ መቀመጫው ነው። ቀጭን፣ ደረቅ፣ ለወጣት ወንድ ልጅ የተሠራ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ልማድ ነው፣ ይለቀኛል ብዬ ቻልኩት። ሁሉም ሰው የሚለኝም ይህንኑ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ መደንዘዝ ጨመረ። ቦታው ደግሞ ለሰው የሚነገር አይደለም። ለባለቤቴ እንኳ በግማሽ ነው የነገርኩት። እናንተ ሴቶች ትረዱኛላችሁ።

መፍትሔ ፍለጋ ሦስት ቦታ ሄድኩ። የማንንም ስም አልጠራም፤ ግን የሆነውን ሳልናገር ባልፍ የጋሼ ደግነት አይገባችሁም።

የመጀመሪያው ቦታ ያገኘሁት ወጣት ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ "ማዘር፣ እድሜ ነው፤ ባጃጅ ይሻልሻል" አለኝ። ሳይክሉን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ሁለተኛው ቦታ በደንብ አስተናገዱኝ፤ ሻይ ሁሉ ጋበዙኝ። ሲነኩት እንደ ትራስ የሚሰምጥ ወፍራም የስፖንጅ መቀመጫ አወጡና "ከዚህ በላይ ምቾት የለም" ብለው በ1,900 ብር ሸጡልኝ። ለኔ ደመወዝ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች እውነትም ገነት ነበር። ድልድዩ ጋ ስደርስ ግን ከበፊቱ ብሶ ቁጭ አለ። በማግስቱ ብመልሰው "አንዴ ከተገጠመ አይመለስም" አሉኝ። ሻይ የጋበዘኝ ሰውዬ ያን ቀን የማያውቀኝ መሰለ።

ሦስተኛው ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ድፍረቴን ሰብስቤ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የት እንደሚያመኝ ነገርኩት። እሱና አጠገቡ ያሉት ሁለት ልጆች ተያዩና ሳቁ። ከዚያ መቀመጫውን በመዶሻ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ 100 ብር ተቀበለኝ። እኔ እናታቸው የምሆን ሴት ነኝ። አስተማሪ ነኝ። ሳይክሉን እየገፋሁ ቤቴ ገባሁና ዕቃ ቤት ከትቼ ዘጋሁበት። ልጄ ሲደውል "እየነዳሽ ነው?" ይለኛል፤ አዎ እያልኩ ስዋሸው ከረምኩ።

እግዚአብሔር ይስጠውና የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነው ያዳነኝ። ዝናብ ይሁን ፀሐይ በሳይክል ነው የሚመጣው። አንድ ቀን "ሳይክሉን ምነው ተዉት፣ እትዬ?" አለኝ። መቀመጫው አልተስማማኝም አልኩት። ምንም አልጠየቀኝም፤ "ጋሼ ጋ ይሂዱ" አለኝና መንገዱን ነገረኝ።

ጋሼ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ይመስሉኛል። ላሜራ የተከደነች ጠባብ ቦታ ናት፤ ጎማ ተንጠልጥሏል፣ ካቴና በዘይት ተነክሯል፣ እሳቸው ሰማያዊ ቱታ ለብሰው አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ዙሪያቸውን ጎማ የሚያስነፉ፣ ፍሬን የሚያሠሩ ልጆች ቆመዋል። ልቤ ፈራ። "መቀመጫው አልተመቸኝም" ብቻ ብዬ ቆምኩ። የት እንደሚያመኝ አልጠየቁኝም። "ልጄ፣ ስትነጂ ቀጥ ብለሽ ነው ጎንበስ ብለሽ? ስንት ደቂቃ ሲሆን ነው የሚጀምርሽ? ሱሪ ነው ቀሚስ የምትለብሺው?" እያሉ ልክ እንደ ሐኪም ጠየቁኝ። ከዚያ ተነሱና ከአንድ የፓስታ ካርቶን በመቀስ ሰፋ ያለ ቁራጭ ቆረጡ።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ። ልጆቹ እንዳይሰሙ ወደኔ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦ "ይህን ቤትሽ ውሰጂው። በሩን ዘግተሽ ደረቅ በርጩማ ላይ አንጥፊና ተቀመጪበት። እግርሽን ከፍ አድርጊ፣ ትንሽ ቆዪ። ስትነሺ ሁለት ጎድጎድ ያሉ ምልክቶች ታያለሽ። መሃል መሃላቸው ላይ በእስክርቢቶ ነጥብ አድርጊና ካርቶኑን ብቻ አምጪልኝ። እዚህ ሰው ፊት የሚደረግ ነገር የለም።"

ሰው ፊት የሚደረግ ነገር የለም። ይቺን ቃል ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ያፈርኩትን ሳልናገረው አውቀውልኝ፣ ክብሬን ጠብቀው፣ ካርቶኑን እንደ ደብዳቤ አጥፈው ሰጡኝ። ከዚያ በፊት ሦስት ቦታ ሄጄ ማንም ያላደረገልኝን እሳቸው በአንድ የካርቶን ቁራጭ አደረጉልኝ።

በማግስቱ ካርቶኑን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። በማስመሪያ ለኩት፤ በሁለቱ ነጥቦች መካከል 13 ሴንቲ ሜትር ሆነ። "ሰው በሥጋው አይደለም ሳይክል ላይ የሚቀመጠው፣ በሁለት አጥንቶቹ ነው" አሉኝ። የልጄን ቀጭን መቀመጫ አነሱና ካርቶኑን ከላዩ ሲያደርጉት ነጥቦቹ ዳርና ዳር ላይ ወደቁ፤ አጥንቶቼ ማረፊያ አልነበራቸውም ማለት ነው። የ1,900 ብሩን ስፖንጅ ደግሞ በሁለት አውራ ጣታቸው ሲጫኑት መሃሉ ሽቅብ ተነሳ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ሁለቱ አጥንቶች ሲሰምጡ መሃሉ ወደ ላይ እየገፋ፣ ጫና ሊነካው የማይገባውን ቦታ ሲጫነኝ ነበር የከረመው። መቀመጫ የሚመቸው ለስላሳ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አጥንት የሚያርፍበት ሲያገኝ ነው። ሻጩን ግን አንድ ቃል አልተናገሩበትም። "ሰው የሚያውቀውን ነው የሚሸጠው" ብለው አለፉት።

ከዚያ ከማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ሦስት አሮጌ መቀመጫዎች አወጡ። አንዱን መርጠው ገጠሙልኝ። ከኋላው ሰፋ ያለ፣ ጠንከር ያለ፣ ከሥሩ ሞላ ያለው ነው። ስንት ልክፈል ብላቸው "ሳምንት ንጂበት። ካልተስማማሽ አምጪው፣ ሌላውን እንሞክራለን። ገንዘብ ከተመቸሽ በኋላ ነው" አሉኝ። መያዣ አልጠየቁኝም፤ ስሜን እንኳ አልመዘገቡም።

የመጀመሪያው ጥሩ ነበር፤ ግን ጭኔን ያሸኝ ነበር። በሳምንቱ መለስኩት፤ ፊታቸው አልተለወጠም። ሁለተኛውን ገጠሙ። ከአሮጌ የቻይና ሳይክል ላይ የተነሳ ነው፤ ቆዳውን ራሳቸው አልብሰውታል። በግድግዳው ተደግፌ ሳይክሉ ላይ አስወጡኝና ተረከዜን ፔዳሉ ላይ አስደርገው እግሬ ወደ ታች ሲዘረጋ አዩ። ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ወደፊት፣ እንደገና ትንሽ ወደኋላ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ገብቶኛል ብዬ አልዋሽም። አንድ ነገር ግን ዓይኔ ላይ ቀርቷል፦ ግማሽ ውሃ ያለበት የሃይላንድ ጠርሙስ መቀመጫው ላይ አጋድመው አስቀመጡና ውሃው ወዴት እንደሚያዘነብል ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ብሎኑን ፈታ አደረጉ፣ አጠበቁ፣ ውሃውን አዩ፣ እንደገና ፈቱ። ውሃው ተስተካክሎ ሲተኛላቸው "በይ ሂጂ" አሉኝ።

ሄድኩ። ድልድዩን ተሻገርኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሜ ተሻገርኩ። ምንም የለም! ይኸው ሁለት ወር ሆነኝ። ዋጋው ከሥራው ጋር 350 ብር ነው። ልጨምርልዎ ብላቸው አልቀበልም አሉኝ። ግፊቴም ባለፈው ስለካ ወረድ ብሏል ተብያለሁ።

ልጄ ለፋሲካ ሲመጣ ይዤው ሄድኩ። ጋሼ በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለኢትዮጵያ በብስክሌት ስለተወዳደሩት ስለ ገረመው ደንቦባ ሲያወሩለት አፉን ከፍቶ ሰማ። እሱ የሚያውቀው በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረውን ጽጋቡ ግርማይን ነበር፤ እሱም ስለ ጽጋቡ ነገራቸው። እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ አባቴን አስብ ነበር። ስንወጣ ልጄ "እማዬ፣ እኔም እንደዚህ ለክቼ አላውቅም" አለኝ። ለእሱም ካርቶን ቆረጡለት።

ስለዚህ እባካችሁ ሂዱ። በተለይ እህቶቼ፣ ወልዳችሁ ሳይክል ያቆማችሁ፣ መመለስ ፈልጋችሁ በሕመም የተዋችሁት፣ እባካችሁ አትፈሩ፤ ሂዱ። ማንም አይስቅባችሁም። እድሜ ነው የሚላችሁ የለም። እኔ በ51 ዓመቴ እየነዳሁ ነው። ውድ መቀመጫ ከመግዛታችሁ በፊት፣ እንደኔ 1,900 ብር ከማቃጠላችሁ በፊት መጀመሪያ ለኩ። ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ክፉ አይንካብኝ።

ፎቷቸውና ስልካቸው እንዲወጣ አልፈለጉም፤ ቃላቸውን አክብሬአለሁ። ቦታው ፔዳ ሳትደርሱ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ትልቁ ዋርካ ሥር ነው፤ የሳይክል ጋሼ ካላችሁ ልጆቹ ያሳዩአችኋል። ከሰዓት በኋላ ተማሪ ስለሚበዛ ጠዋት ሂዱ። እሑድና ወር በገባ በ23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ አይከፍቱም። ካርቶን አንዳንዴ ያልቅባቸዋል፤ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ውስጡ ሞገድ ሞገድ ያለው፣ ያልታጠፈና ያልራሰ ይሁን።