የድርጅት በዓል ጎንደር ላይ፦ የሆቴል ፓኬጅ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ኦርጋናይዘር ወይስ የሰፈር ልጆች ተቀናጅተው?

ሰሞኑን ኢንቦክሴ በአንድ ጥያቄ ተጨናንቋል፣ "መሥሪያ ቤታችን የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ነው፣ 150 ሰው አለ፣ የት ይሻላል?" ለሁሉም ተራ በተራ ከምመልስ እዚ ልጻፈው ብዬ ነው። እኔ የማደላው ለሰፈር ልጆች ነው፣ ማለቴ ድንኳን አከራዩ፣ ወጥ ሰሪዋ፣ ዲኮሯ (ቦታውን የምታስጌጠዋ)፣ ዲጄው፣ ኬክ ቤቱ እርስ በርስ ተነጋግረው ሲሠሩት። ይሄን ይዛችሁ አንብቡ።

ብሩ ላይ እንምጣ። ሆቴል ስትደውሉ የሚነገራችሁ ዋጋ የምትከፍሉት ዋጋ አይደለም። ለምሳሌ "በሰው 1,000 ብር ፕላስ ፕላስ" ካሏችሁ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሲገባ 1,100፣ በሱ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 1,265 ይሆናል። ለ150 ሰው 189,750 ብር ማለት ነው፣ እናንተ ደሞ ለአለቃችሁ 150 ሺ ብላችሁ ነግራችኋል፣ 39,750ውን ከየት ልታመጡት ነው? ለስላሳውና ቢራው ገና አልተነካም እኮ። መጠጥ ከውጪ ካስገባችሁ በየጠርሙሱ ኮርኬጅ (ከውጪ ለገባ መጠጥ ሆቴሉ የሚያስከፍለው) አለ፣ ሰዓት ካለፈ የአዳራሽ ጭማሪ አለ፣ ከሁሉም የሚያናድደው ግን 150 ብላችሁ አስይዛችሁ 110 ሰው ቢመጣም ሂሳቡ የ150 ነው፣ የተረፈውን ምግብ እንውሰድ ስትሉም አይቻልም የሚሉ አሉ። ድንኳን ውስጥ የተረፈው ወጥ የእናንተው ነው፣ ለጥበቃና ለጽዳት ሠራተኞች ተቋጥሮ ይሄዳል።

የአዲስ አበባው ኦርጋናይዘር ሥራው ያምራል፣ አልዋሽም፣ ግን የመኪናውን፣ የልጆቹን አልጋና አበል የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፣ እዚ ከደረሰ በኋላ ደሞ ድንኳንና ወንበር የሚከራየው ከማን መሰላችሁ? ከዚሁ ከማራኪና ከፒያሳ ልጆች ነው፣ የራሱን ትርፍ ጭኖበት ለእናንተ ይሸጠዋል። እሱን እዚ ጋ ልተወው።

ምግቡ ላይ ነው ትልቁ ልዩነት። በጉን፣ ሽንኩርቱን፣ ቅቤውን ራሳችሁ ቅዳሜ ገበያ ገዝታችሁ ወጥ ሰሪዋን የእጇን ብቻ ከከፈላችሁ፣ እንጀራውን በቁጥር ካዘዛችሁ "በሰው" የሚባል ሂሳብ ውስጥ አትገቡም። ደሞ ጾመኛው ለብቻ፣ የሙስሊም ሥጋ ለብቻ መሆን አለበት፣ አራጁም ድስቱም ጠረጴዛውም ማለት ነው። ሆቴል ውስጥ ይሄን ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ "እናመቻቻለን" ነው፣ ወጥ ሰሪዋ ግን ሳልጨርስላት "አዲስ ዓለም፣ የሙስሊሞቹ ሰፈር፣ የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ፣ ድስቷን ይዛ ትመጣለች" አለችኝ፣ አለቀ።

ተቀናጅተው ሲሠሩ ያልኩት ግን ዝም ብሎ አይደለም። ሁሉንም ለየብቻ በርካሽ ዋጋ ለቃቅማችሁ ከሰበሰባችሁ ከሆቴሉም የባሰ ትከስራላችሁ። የጓደኛዬ መሥሪያ ቤት ሳውንድ ከአንዱ፣ ጀነሬተር ከሌላው ተከራየ፣ ሁለቱ አይተዋወቁም። ስፒከሩ ጄቢኤል የሚል የታወቀ ብራንድ ስም ተለጥፎበታል፣ ኮፒ ነው። መብራት ጠፋ፣ ጀነሬተሩ ተነሳ፣ ምግብ ማሞቂያውም የቡና ማሽኑም እዚያው መስመር ላይ ተሰክቷል፣ ኃይሉ ይወርዳል ይወጣል፣ ሥራ አስኪያጁ "ክቡራን እንግዶቻችን" ሲል ድምፁ እንደተቀደደ ከበሮ ሆነና ሁለተኛው ስፒከር ጭራሽ ዝም አለ። የከፋው ማግስቱ ነው፣ አከራዩ "እናንተ ናችሁ ያቃጠላችሁት" ብሎ ለጥገና ጠየቀ፣ ጠጋኙ ጋ ሲሄድ ደሞ የኦሪጂናሉ ኮይል (ስፒከሩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል) ለኮፒው ልክ አይሆንም፣ ስለዚ ሙሉውን ክፈሉ ተባሉ። ካስያዙት ገንዘብ ላይ ተቆርጦ ቀረ። እነዛ አብረው የሚሠሩት ልጆች ቢሆኑ ዲጄው ራሱ "ማሽኑን ከኔ መስመር ንቀሉልኝ" ይላል፣ ጀነሬተር ቢበላሽ ዲኮሯ ደውላ ሌላ ታስመጣለች፣ ምክንያቱም የሚቀጥለው ሠርግ ላይም አብረው ናቸው።

ኮፒ ነገር ካነሳን ለበዓሉ የምታሳትሙትን ቲሸርትም ተጠንቀቁ። "ጥጥ ነው፣ በሰብሊሜሽን (ቀለሙን በሙቀት ጨርቁ ላይ የሚያሳርፍ ኅትመት) እናትምላችኋለን" የሚላችሁን አትስሙት፣ ሰብሊሜሽን የሚይዘው ፖሊስተር ላይ ነው፣ ጥጥ ላይ አንዴ ሲታጠብ ሎጎው ይለቃል። አንድ ናሙና አሳትማችሁ ቤት እጠቡት፣ ከዛ ነው ቀብድ።

ውሃ ደሞ! ጎንደር ነን፣ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሮቶ ያለው ግቢ ካልሆነ ጀሪካኑን ማን ያመጣል ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ 150 ሰው እጁን ሊታጠብ ነው። ሆቴል በዚህ ይበልጣል፣ እሱን አምናለሁ።

ሆቴል የሚበልጥበት ሌላው ደረሰኝ ነው። ከሰፈር ልጆች ጋር ስትሠሩ ፋይናንስ ክፍላችሁ የሚጮኸው እዚ ጋ ነው፣ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ለሌለው አቅራቢ ከክፍያው ላይ ብዙ ግብር ተቆርጦ ይቀራል፣ ወጥ ሰሪዋ ይሄን ስትሰማ ወይ ትጠፋለች ወይ ዋጋዋ ላይ ትጨምረዋለች። እኛ ጋ የሠራው ዘዴ ፈቃድና ቲን ያላትን ዲኮሯን ዋና ተዋዋይ ማድረግ ነው፣ ሌሎቹ በሷ በኩል ገቡ፣ ለማስተባበሯ ትንሽ ጨመርንላት፣ ያም ሆኖ ከሆቴሉ ሂሳብ ሩብ ያህሉ ተረፈ። ቀብድ ከሲሶ በላይ አትስጡ፣ ቀሪው ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ፣ ወረቀቱ ላይ ደሞ ጫኝና አውራጅ፣ ናፍጣ፣ የሚሰበር ብርጭቆ በማን ነው የሚለው ይጻፍ፣ ጭቅጭቁ ሁሌም እነዚህ ላይ ነው።

አዝማሪ ካመጣችሁ (ጎንደር ላይ አለማምጣት ነውር ነው) ሽልማቱ የሱ መሆኑን ተስማምታችሁ የመነሻ ክፍያውን ዝቅ አድርጉ፣ የአለቆቹን ስም ቀድማችሁ ሹክ በሉት፣ የቀረውን ኪሳቸው ይጨርሰዋል።

ቀኑን በተመለከተ፣ ጥርን እርሱት። ጥምቀት አለ፣ ከጥምቀት በኋላ ሠርግ ነው፣ ድንኳንም ሚኒባስም አልጋም አይገኝም፣ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም፣ ግዴታ ጥር ላይ ከሆነ ወራት ቀድማችሁ ሆቴል ያዙ፣ ክረምትም ከሆነ እንደዛው። ሌላ ጊዜ ከሆነ ጥቅምትን ወይ የኅዳርን መጀመሪያ ምረጡ፣ ዝናቡ አልፏል፣ የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው፣ ረቡዕና ዓርብን ብቻ ዝለሉ።