ባዮላይን ኤምፒቲ64፦ «ቲቢ ነው» ሲል እመኑት፣ ዝም ሲል ግን አጣሩ

ኤምጂት (ባክቴሪያን በፈሳሽ ውስጥ የሚያሳድግ) ማሽን አንድን ቱቦ ፖዘቲቭ ብሎ ሲያወጣ ቱቦው ውስጥ አንድ ነገር ማደጉን እንጂ ምን እንዳደገ አይነግረንም። በዚል ኒልሰን ቀለም ብናየውም ቲቢውም ሆነ ላቦራቶሪ ውስጥ ኤንቲኤም የምንላቸው ዘመዶቹ (ቲቢ የማያመጡ ማይኮባክቴሪያዎች) እኩል ቀይ ሆነው ነው የሚታዩት። ባዮላይን ቲቢ ኤምፒቲ64 የተባለው ካሴት ለዚህ የተሠራ ነው። የቲቢ ቤተሰብ ባክቴሪያዎች ሲያድጉ ወደ ፈሳሹ የሚያመነጩትን ኤምፒቲ64 የተባለ፣ 24 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) የሚመዝን ፕሮቲን ፈልጎ ያገኛል፤ አብዛኞቹ ኤንቲኤም ግን ይህ ፕሮቲን የላቸውም።

አሠራሩ ልምድ ለሌለው ባለሙያም አይከብድም። ከፖዘቲቩ ቱቦ 100 ማይክሮ ሊትር ወስዶ ካሴቱ ጉድጓድ ውስጥ ማድረግ፣ ከዚያ በ15 ደቂቃ ማንበብ ነው። ያደገው ኤልጄ በተባለው ጠጣር ማሳደጊያ ላይ ከሆነ 3 ወይም 4 ኮሎኒ አብሮት በሚመጣው በፈር (ማሟሚያ ፈሳሽ) 200 ማይክሮ ሊትር ውስጥ ይበጠበጥና ከዚያ ላይ 100 ይወሰዳል። የቲ (የምርመራው) መስመር ደብዝዞም ቢወጣ ፖዘቲቭ ነው። የሲ (የኮንትሮሉ) መስመር ካልወጣ ግን ውጤት የለም፤ በአዲስ ካሴት ይደገማል። ፒኤንቢ (የቲቢን እድገት የሚገታ ኬሚካል) ባለው ኤልጄ ላይ ዘርቶ ማደግ አለማደጉን ለማየት ሳምንታት ከመጠበቅ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ እፎይታ ነው። ፍሪጅም አይፈልግም፤ ከ1 እስከ 30 ዲግሪ ይበቃዋል። ቆላ ላይ ያለ መጋዘን ግን በሙቀት ወቅት ከ30 በላይ ስለሚሄድ ቴርሞሜትር ይሰቀልበት።

የሚያሳስበው ኔጌቲቭ ውጤት ላይ ነው። ብዙ ቦታ የቲ መስመር ሳይወጣ ሲቀር «ኤንቲኤም» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ስህተት ነው። መስመሩ የሚጠፋው በብዙ ምክንያት ነው። ባክቴሪያው ገና ብዙ ሳያድግ ማሽኑ ቱቦውን ፖዘቲቭ ብሎ ካወጣው ፕሮቲኑ በቂ ላይሆን ይችላል። ኤምፒቲ64 የተባለው ጂን የተቆረጠባቸው ወይም የተለወጠባቸው እውነተኛ የቲቢ ዝርያዎች አሉ። አንዳንድ የቢሲጂ (የቲቢ ክትባት) ዝርያዎችም (ለምሳሌ የዴንማርኩ) ጂኑ ጭራሽ የላቸውም፤ ስለዚህ ክትባቱ በተወጋበት ጎን ያበጠ የሕፃን ብብት ናሙና ሲመጣ ይህ ይታሰብ። ወይም ደግሞ ያደገው ማይኮባክቴሪያ ሳይሆን ተራ ብክለት ነው።

ስለዚህ ከካሴቱ በፊት ከዚያው ቱቦ ስሚር (በማይክሮስኮፕ የሚታይ ቅብ) ይሠራ፣ ጠብታም ብለድ አጋር (ደም ያለበት የባክቴሪያ ማሳደጊያ) ላይ ይዘራ። ስሚሩ ላይ እንደ ገመድ የተጎነጎኑ ቀይ ባክቴሪያዎች ከታዩ፣ ፈሳሹም ጠርቶ ከታች ፍርፋሪ ከተቀመጠ፣ ካሴቱ ኔጌቲቭ ቢልም ቲቢን መጠርጠር ይገባል። ቱቦው ወደ ኢንኩቤተር ይመለስና ከጥቂት ቀናት በኋላ ይደገም፤ ያኔም ኔጌቲቭ ከሆነ ወደ ሞለኪውላር ምርመራ ይላክ። ገመዱ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ማይኮባክቴሪየም ካንሳሲ የተባለው ኤንቲኤምም አንዳንዴ ይጎነጎናል። ብለድ አጋሩ ደግሞ በሌላ በኩል ይጠቅማል፦ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ የገባበት ቱቦ፣ ባክቴሪያው ባለው ፕሮቲን ኤ ምክንያት የውሸት መስመር ሊያወጣ ይችላል። ቲቢና ኤንቲኤም አብረው ካደጉም ካሴቱ ቲቢውን ብቻ ነው የሚናገረው፣ ኤንቲኤሙ ተሸፍኖ ይቀራል።

ይህን ያህል የምንጨነቀው መድኃኒቱ ስለሚለያይ ነው። ብዙ ኤንቲኤም የተለመዱትን የቲቢ መድኃኒቶች ይቋቋማሉ። ያለበት ኤንቲኤም ሆኖ ሳለ አክታው ከወራት ሕክምና በኋላም ፖዘቲቭ የሆነ ሰው መድኃኒት የተላመደ ቲቢ እንዳለበት ሊቆጠር ይችላል፤ ማይኮባክቴሪየም አቪየም የተባለው ኤንቲኤም ሕክምና ግን አዚትሮማይሲንን የመሰለ መድኃኒት ይጨምራል፣ ካልቸሩ (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ምርመራ) ንጹሕ ከሆነ በኋላም 12 ወር ይቀጥላል። በአንድ አክታ ላይ የተገኘ ኤንቲኤም ደግሞ በሽታ ነው አይባልም። ማይኮባክቴሪየም ጎርዶኔ ለምሳሌ ከቧንቧ ውኃ ይገባል፤ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ የአክታ ካልቸሮች፣ ምልክትና የራጅ ለውጥ ያስፈልጋሉ።

ለግዢ የሚያስቡ ካሴቱን በአክታ ላይ በቀጥታ ለመጠቀም አይግዙት፤ ለካልቸር ብቻ ነው። አዲስ ሎት (የምርት ዙር) ሲመጣ ኤች37አርቪ የተባለውን የቲቢ ዝርያ እንደ ፖዘቲቭ፣ ማይኮባክቴሪየም ካንሳሲን እንደ ኔጌቲቭ ኮንትሮል ያሂዱ። ቱቦው የሚከፈተው ባዮሴፍቲ ካቢኔት ውስጥ ነው፤ ያገለገለው ካሴትም ሕያው ባክቴሪያ ስላለበት ወደ አውቶክሌቭ ይሂድ። ጥሬ ወተት ከሚጠጣበት አካባቢ በሚመጣ ናሙና ላይ ደግሞ ካሴቱ ማይኮባክቴሪየም ቦቪስንና (የከብት ቲቢን) የሰውን ቲቢ እንደማይለይ ይታወቅ፤ ሁለቱም ላይ ያው መስመር ይወጣል። ቦቪስ ፒራዚናማይድን በተፈጥሮው ስለሚቋቋም፣ ጥርጣሬ ካለ ናሙናው የቲቢ ቤተሰብን አባላት ለሚለይ የጂን ምርመራ ይላካል።