ለጡት ኦፕራሲዮን ሙሉ ማደንዘዣ ወይስ የቦታ ማደንዘዣ ከማስታገሻ ጋር?

ጡቷን በሲሊኮን ለማስተለቅ የወሰነች ሴት ስለ መጠንና ቅርጽ ብዙ ትጠይቃለች። ስለ ማደንዘዣው ግን እምብዛም። ለእኔ ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው።

በሙሉ ማደንዘዣ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ይወስድሻል። ትንፋሽሽን የሚቆጣጠረው የማደንዘዣ ባለሙያው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጉሮሮ ውስጥ በሚገባ ቱቦ። ስትነቂ ጉሮሮሽን ሊከረክርሽ፣ ሊያቅለሸልሽሽም ይችላል።

በቦታ ማደንዘዣው ደግሞ ሊዶኬይን የሚባል የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከአድሬናሊን ጋር በብዙ ፈሳሽ ቀጥኖ ጡቱ ላይ ይወጋል። አድሬናሊኑ የደም ስሮችን ስለሚያጠብ መድማቱ ይቀንሳል። በደም ስር ደግሞ እንደ ሚዳዞላም ያለ የሚያረጋጋ ማስታገሻ ይሰጥሻል። ታንቀላፊያለሽ፣ ግን በራስሽ ትተነፍሻለሽ። ሲገፉና ሲጎትቱ ሊሰማሽ ይችላል። ብዙ ጊዜ ቶሎ ትነቂያለሽ፣ በዚያው ቀን ቤትሽ ትገቢያለሽ። ሲሊኮኑ ከደረት ጡንቻ ስር የሚገባ ከሆነ ግን ህመሙ ስለሚከብድ ብዙ ሐኪሞች ሙሉውን ይመርጣሉ።

«ሙሉ ስላልሆነ አደጋ የለውም» ቢሉሽ እንዳታምኚ። ሊዶኬይን ከልክ ካለፈ ከንፈር ይደነዝዛል፣ ጆሮ ይጮኻል፤ ሲብስ ያንዘፈዝፋል፣ ልብንም ያውካል። መጠኑ በኪሎሽ የሚሰላው ለዚህ ነው። ማስታገሻው ከበዛ ደግሞ ትንፋሽ ይደክማል። ቀዶ ሐኪሙ እጁ ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ኦክስጅንሽንና የልብ ምትሽን ብቻ የሚከታተል ሌላ ባለሙያ አጠገብሽ መኖር አለበት።

ሲሊኮኑ ከጡንቻ በላይ የሚቀመጥ ከሆነ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ያ ባለሙያ ከሌለ ግን፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ አልጋው ላይ አልወጣም።