ለወፍጮ ሞተሬ የመጀመሪያ ማርሚታ ስመርጥ

አባቴ ደንበጫ ላይ 22 ዓመት ወፍጮ ቤት ይዞ ኖሯል። ዛሬ ከጎኑ ተቀምጬ ካልጮኽኩ አይሰማኝም። የሞተሩ ማርሚታ (ጭስ መውጫው ላይ ተገጥሞ ጩኸቱን የሚቀንሰው ዕቃ) ዝጎ ከወደቀ ወዲህ ለዓመታት ያለ ማርሚታ ነበር የሚያስነሳው። ጆሮ ውስጥ ያሉት ፀጉር መሰል ሴሎች አንዴ ከሞቱ እንደማይተኩ ያወቅኩት ኋላ ነው። ወፍጮውን ስረከበው መጀመሪያ የገዛሁት ነገርም ማርሚታ ሆነ።

ሞተሬ ባለ አንድ ሲሊንደር ናፍጣ ነው። መብራት ስለሚቆራረጥ አልተውነውም። በቆሎና ዳጉሳ ሲበዛ ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራል።

የመጀመሪያውን ከአንድ መለዋወጫ ሱቅ በ2,900 ብር ገዛሁ። አዲስ ነው፣ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ድምፁንም በደንብ ቀነሰው። ደስ አለኝ። አራት ወር ሳይሞላው ግን ከውስጡ ኳ ኳ ማለት ጀመረ። ጭሱ ጠቆረ፣ ሞተሩ ቶሎ ይግላል፣ ናፍጣ ይበላል፣ እህል ሲበዛበት ያቃስታል። አስፈትቼ ሳሳየው የውስጡ መከፋፈያ ላሜራ ተገንጥሎ መውጫውን ግማሽ በግማሽ ዘግቶታል። ሱቁ «ከተገጠመ በኋላ አንመልስም» አለኝ። ያ ገንዘብ ለኔ ትንሽ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን መጠየቅ የጀመርኩት። ጩኸቱ የሚመጣው ከሲሊንደሩ በግፊት የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ባንዴ ወደ አየር ሲፈነዳ ነው። ማርሚታው ጋዙን በክፍሎችና በተበሳሳ ቱቦ እያዞረ ግፊቱን ያላላዋል፣ ያበርደዋል። የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሂራም ፐርሲ ማክሲም የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1909 ለጠመንጃ ማፈኛ የፈጠራ መብት ያገኘ ሲሆን፣ የሞተር ማርሚታም ሠርቷል። ጥይት ከድምፅ ፈጥኖ ሲሄድ የሚያሰማውን ስንጥቅታ ማፈኛው አያጠፋውም። የኔም ማርሚታ የድንጋዩንና የቺንጋውን ጩኸት አይነካውም። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ከማርሚታው ብቻ ተአምር አልጠብቅም ነበር።

ለሁለተኛው ሁለት ምርጫ ነበረኝ። አንዱ ያገለገለ የአይሱዙ ማርሚታ ነው። ላሜራው ወፍራም ነው፣ ዋጋውም አይከፋም። ግን ከባድ ነው፤ ውስጡ ምን ያህል እንደተበላም ከውጭ አይታይም። ተውኩት።

ደብረ ማርቆስ ወርጄ ብየዳ ቤት አሠራሁ። ባለሙያው መጀመሪያ የጠየቀኝ «እህቴ፣ የሞተርሽ መውጫ ስንት ኢንች ነው?» ብሎ ነው። ሱቁ ይህን አልጠየቀኝም ነበር። መውጫው 2 ኢንች ነው፤ እሱም ከዚያ የጠበበ ቱቦ ውስጡ አላስገባም። ጉሮሮው ከጠበበ ሞተሩ ይታፈናል፣ የመጀመሪያው ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ላሜራው 2 ሚሊ ነው። መከፋፈያዎቹን ዙሪያቸውን በየደ እንጂ በነጥብ አልያዛቸውም። ከታች ትንሽ ቀዳዳ በሳለት፤ ሞተር ሲቀዘቅዝ የሚጠራቀመው ውሃ ካልወጣ ከውስጥ ያዝገዋል። ከነማሰሪያው 4,800 ብር ከፈልኩ። ሦስት ቀን አዘገየኝ፣ ቀለሙም ወዲያው ተላጠ። በዚህ ቅር ቢለኝም ሥራው ጠንካራ ነው።

አገጣጠሙ ከግዢው እኩል ያሳስባል። ማርሚታውን ሞተሩ ላይ አላንጠለጠልነውም። ግድግዳው ላይ በብረት አስረን፣ መሃሉን በሚተጣጠፍ ቱቦ አገናኘነው። ያለዚያ ንዝረቱ ብየዳውን ይሰብረዋል። ጫፉን ከበርና ከመስኮት አርቀን ወደ ውጭ አዞርነው፤ ጭሱ ቤት ውስጥ ከቀረ ይገድላል።

ጩኸቱን በስልኬ ለካሁት፤ የድምፅ መለኪያው ዴሲቤል ይባላል። ስልክ እንደ መሣሪያ አይታመንም፤ ግን በዚያው ስልክ፣ በዚያው ቦታ ሆኜ ከሞተሩ ሁለት ሜትር ላይ ያለ ማርሚታ 106 ዴሲቤል፣ አሁን 94 ያሳያል። 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ለጆሮ ግማሽ ያህል የቀነሰ ይመስላል። አሁን ወረፋ የያዙት እናቶች ደጅ ላይ ሳይጮኹ ያወራሉ። ጎረቤት ያለችው አራስም ልጇን ቀን ታስተኛለች።

ቤት ውስጥ ግን 94 ብዙ ነው። 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ሥራ የሚመከር ጣሪያ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ይቀራል ማለት ነው። ስለዚህ እኔም የሚያግዘኝ ልጅም የጆሮ መሸፈኛ እናደርጋለን። ልጁ መጀመሪያ አፈረ፤ አባቴን አሳየሁት፣ ከዚያ ወዲህ አውልቆት አያውቅም።

ስምንት ወር ሆነው። በየወሩ ፈትቼ ጥላሸቱን አራግፋለሁ፣ ጓርኒሲዮኑን (የመጋጠሚያውን ማሸጊያ) አንዴ ቀይሬያለሁ። ለወንድሜ ሞተርም እዚያው ብየዳ ቤት አዝዣለሁ፤ የሱ መውጫ 2 ኢንች ተኩል ስለሆነ ልኩን በወረቀት ጽፌ ነው የሰጠሁት።